የእህቴ የእንሽርት ውሃ

እህቴ ሾተላይ አለባት። የእሷ ደምና የልጆቿ ደም አይስማማም፤ ሁለቱ ቢጫ ሆነው ተወልደው ሞተውባታል። ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ እየተመላለሰ የሚያክም ሐኪም «ከእንሽርት ውሃው በመርፌ ቀድተን እንየው፤ ቢጫ ከሆነ ልጁ ተጎድቷል፣ ጥርት ካለ ጊዜ አለን» አላት። ከእንሴኖ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩ የቤቱ መንገድ ሁሉ የኔ ነበር።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሆዷን አየ፤ ውሃው ሰብሰብ ያለበትን ቦታ አገኘና በእስክሪብቶ ሊያመለክት መሣሪያውን አስቀመጠ።

«መሣሪያውን አንስተው ነው የሚወጉት?» አልኩት።

«ምልክት አደርጋለሁ፣ እወጋለሁ። ስንት ዓመት የሠራሁት ነው።»

«እስከዚያ ልጁ ቢገላበጥስ? እያዩ ቢወጉ ምን አለበት?»

«ነርስ ነሽ?»

«አክስቱ ነኝ።»

እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ አንቺ! ወላሂ ታስወጪናለሽ።» መርፌው የሚገባው እሷ ሆድ ውስጥ፣ የምታፍረውም እሷ! ደሜ ፈላ።

እስክሪብቶው ግን አልጽፍ አለ። አማቷ ጠዋት «መንገድ ነው፣ ሆዷ እንዳይደርቅ» ብለው በቅቤ አሽተዋት ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ? ሆድ ነው ክትፎ?» አለ ሐኪሙ።

ነርሷ በሳሙና አጠበች፣ በአልኮል ጠረገች፣ ደግማ አጠበች። ሐኪሙ ቦታውን እንደገና ሊያመለክት በአልትራሳውንድ አየ። ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ የልጁ ጀርባ ተኝቷል። ወደ እኔ ዞር አላለም። «መሣሪያውን ያዥልኝ፣ እንዳታነሺው» አላት ነርሷን፤ ሌላ ቦታ ፈልጎ እያየ ወጋ። መርፌው በስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ወደ ጥቁሩ ውሃ ሲገባ እኔም አየሁ።

«ነካው?» አለች እህቴ ዓይኗን ጨፍና።

«አልነካውም» አልኳት።

ውሃውን ሲሪንጅ ሙሉ ቀድቶ ወደ ብልቃጥ ገለበጠው፤ ብርሃን ያበላሸዋል ብሎ ወዲያው በጥቁር ወረቀት ጠቀለለው። «ውጤቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ብሎ ወጣ። ቀለሙን አልነገረንም፤ ቢነግረን ምን ነበረበት?

እህቴ ሆዷን ሳትሸፍን ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ አይተሻል። አትዋሺኝ።»

«ውሃ ይመስላል» አልኳት። «ትንሽ ብቻ ቢጫ አለበት።»

«ትንሽ ስትይ፣ ምን ያህል ትንሽ?»

እኔ ምን አውቃለሁ።