ከወፏ ኋላ የነበረው እጅ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በግንቦት ማብቂያ፣ ነቀምቴ ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ነገሩ አልለቀኝ ስላለ ነው።

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ጠዋት ከመክፈቴ በፊት ጓሮዬ ውስጥ ወፎችና ነፍሳት ፎቶ አነሳለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጓሮው ነፍስ ይዘራል፤ ቢራቢሮው፣ ጢንዚዛው፣ ምስጡ፣ ምስጡን የሚለቅመው ወፍ። ባለቤቴ «ሰው ስኳር ፈልጎ በር ላይ ቆሟል፣ አንተ ከጢንዚዛ ጋር ታወራለህ» እያለች ትስቅብኛለች።

በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ አዴ ደስቱ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «አከም ቡልቴ፣ ኢልመኮ?» ይሉኛል። የእሳቸው «እንዴት አደርክ ልጄ» ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ ይቀጥላል። በድምፃቸው ወፎቹ እየበረሩ አስቸገሩኝ። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጌ፣ ካሜራ ይዤ ሲያዩኝ እጃቸውን ብቻ ቢያነሱልኝ እኔም እጄን እንደማነሳ ነገርኳቸው። ሳቁና እሺ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን በእጅ ሆነ።

የዚያን ዕለት አበባ የምትቀስም አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ወፍ አጥሩ ጥግ ካለው የሙዝ አበባ ላይ አረፈች። ሳምንት ሙሉ ስጠብቃት ነበር። ከወፏ ኋላ የአዴ ደስቱ እጅ ከፍ ሲል በዓይኔ ጥግ ታየኝ። ዓይኔን ከካሜራው ሳልነቅል እጄን አነሳሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። ስጨርስ ደስ ብሎኝ ሱቄን ልከፍት ሄድኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጩኸት ሰማሁ። ልጃቸው ጫልቱ ከገበያ ስትመለስ እናቷን አጥሩ ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተይዟል። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው» አለን።

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ወፏ ጥርት ብላለች። ከኋላዋ ደብዘዝ ያለ እጅ አለ። በሚቀጥለው ፎቶ እጁ ዝቅ ብሏል። በሚቀጥለው አጥሩን ይዟል። በመጨረሻው የለም። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚያምረው ያ የመጨረሻው ነው።

አዴ ደስቱ ተረፉ። ከወራት በኋላ አንደበታቸው እየተጎተተ ሲመለስ ለምን እንዳልጠሩኝ ጠየቅኳቸው።

«መጀመሪያ ወፏ እንዳትበርብህ ብዬ ነው» አሉኝ። «ልጠራህ ስል ደግሞ ድምፄ እምቢ አለ።»

አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ፎቶዎቹን ማጥፋት አልቻልኩም፣ ማየትም አልቻልኩም። አሁን ጠዋት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በደህናው እጃቸው ሰላም ይሉኛል። ያ እጅ ከፍ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። እጄን ግን አላነሳም። አጥሩን ዞሬ እሄድና አጠገባቸው ቆሜ «አከም ቡልተኒ?» እላቸዋለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ ቃል በቃል እየጎተቱ ሲነግሩኝ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ወፎቹ ቢበሩ ይብረሩ።