የዙሌይካ ጀሪካን

ዙሌይካ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ሐይቅ ስትመለስ፣ ለእናቷ ብላ ያስገዛችው ፍሪጅ ጠብቋታል፤ እናቷ ግን አልቆዩላትም። ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለው ቤት ብቻዋን ገባች። ለአንድ ሰው ወጥ ፍሪጅ መክፈት ስለሚያሳፍራት ብዙውን ጊዜ ነቅላው ትውላለች።

በሽታው የጀመራት በተመለሰች በዓመቷ ነው። ድንገት ይመጣባታል። ልቧ እንደ ድቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ያህል አሰቃይቷት ይሄዳል። ሠፈሩ ምርመራውን የጨረሰው ሐኪም ሳያያት ነበር፦ ጂን ነው፣ ከአሠሪዎቿ ቤት ተከትሏት የመጣ። ያውም ያለ ፓስፖርት! እሷም ቀስ በቀስ ማመን ጀምራ ነበርና ፈራች። በሽታ ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ጂን ከሆነ ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት ሊኖር ነው።

ደሴ ያለው ሐኪም ሌላ ነገር ነገራት። ከኩላሊቷ በላይ ትንሽ እጢ ሳትኖር አትቀርም፤ ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚረጨውን ንጥረ ቅመም ያለ ድንጋጤ የምትረጭ። መኖሯ በሽንት ይታወቃል። ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራው ምስጋናው ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አስታቀፋት።

«ሦስት ቀን ቡና፣ ሻይ፣ ሙዝ፣ ጫት የለም። በአራተኛው ቀን የጧቱን የመጀመሪያ ሽንት ድፊው። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጧት ጠብ የምትለው ሳትቀር እዚህ ትገባለች። ታቹ ላይ አሲድ አለ፤ በኩባያ ጨምሪበት እንጂ እንዳትቀመጪበት! ያን ቀን በሽታው ቢነሳብሽ ደግሞ እሰየው ነው፤ ሳይነሳ ከቀረ ሊያመልጠን ይችላል። ጀሪካኑ ቀዝቅዞ ነው የሚቆየው፤ ፍሪጅ አለሽ?»

«አለኝ» አለች ዙሌይካ። ፍሪጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ችግሩ ቡናው ላይ መጣ። ጎረቤቷ ሲቲ በቀን ሦስት ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች፤ ዙሌይካ ሦስቴም «ዛሬ ይቅርብኝ» ትላለች። ሽንቴን ላጠራቅም ነው ብላ እንዴት ትናገር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሽንቱን ስለደበቀ ሰው ግን የተናገረ የለም። በእኛ አገር ቡና እምቢ ያለ ወይ አኩርፏል፣ ወይ አንድ ነገር ይዞታል። ሲቲ መጀመሪያ ተቀየመች፤ ኋላ ግን ፈራች።

አራተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ጀሪካኑ ተጋምሷል። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐሱር ሶላት መልስ፣ ሲቲ በዱዓቸው የታወቁትን ሼህ ሀሚዱን አስቀድማ፣ ጎረቤቱን አስከትላ፣ ጫትና ድቤ አስይዛ ከተፍ አለች።

«ዙሌዋ፣ የኔ ዓለም፣ እያየንሽማ ዝም አንልም።»

ደጃፏ በጫማ ተሞላ። ከጅዳ ተመልሳ ከተቀመጠችው የእናቷ ለቅሶ ወዲህ እንዲህ ያለ ጫማ አይታ አታውቅም። ድቤው ተመታ፣ ዱዓው ደራ። ሼህ ሀሚዱ ለጋውን የጫት ቀንበጥ መርጠው ቱፍ ቱፍ አሉበትና ዘረጉላት።

«እንቺ ልጄ፣ አላህ ያሽርሽ።»

«አሚን!» አለ ቤቱ ሁሉ። ሁሉም ያያታል። ጀሪካኑ ትዝ አላት። እምቢ ብትል በረካ ገፋች ነው የሚባለው፤ ሰዉም ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል። ሰው ርቧት ነበር። ተቀብላ ቃመች።

በማግስቱ ለምስጋናው ደውላ እውነቱን ነገረችው። «በይ ድፊውና ነይ፤ ከሀ ትጀምሪያለሽ» አላት። በዚያው ቀን ደሴ ደርሳ ሌላ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች።

ሠፈሩ ግን ጉዳዩን ዘግቶታል። ሐሙስም ዓርብም ስላልተነሳባት ዳነች ተባለ። «አየሽ፣ ለቀቀሽ! አልሐምዱሊላህ!» አለቻት ሲቲ። ለታመመ ሰው ይመጣለታል፤ ለዳነ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቅዳሜ ዙሌይካ እንደገና ቡናውን እምቢ ስትል ሲቲ ከአጥሩ ማዶ ቀና ብላ አየቻትና መጣራቷን ተወች። ጂኑ ከለቀቃት እንግዲህ የቀረው ኩራት ነው።

ሰኞ ሁለተኛው ጀሪካን ተጀመረ። ረፋዱ አለፈ፣ እኩለ ቀንም አለፈ፤ ምንም የለም። ሲፈልግ በገበያ መሃል የሚጥላት በሽታ ዛሬ ሲለመን ቀረ። እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ከአጥሩ ማዶ የሲቲ ሙቀጫ ድምፅና የሴቶቹ ሳቅ ተሰማ። ሆድ ባሳት።

ያኔ ልቧ መደለቅ ጀመረ። መቃኑን ያዘች። ላቡ በጀርባዋ ወረደ፣ ጣቶቿ ቀዘቀዙ። ሲቲን ልትጣራ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«እንኳን መጣህ» አለች ቀስ ብላ። ከሐሙስ ወዲህ ቤቷን የረገጠ እሱ ብቻ ነበር።

ሲለቃት ተነሳች። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን የምትነግራቸው ሰዎች ግን ከአጥሩ ማዶ ሁለተኛውን ቡና እየጠጡ ነው። ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄዳ ተመለሰች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ጠብ ሳታደርግ ጀሪካኑ ላይ ጨመረችበት።