ሙቀጫው ዝም ሲል

ላንታና ልብ ወለድ የምትጽፈው ሙቀጫ እያዳመጠች ነበር። በካኖ ከተማ አሮጌ ሰፈር፣ የበኩር ልጇ በግቢው ውስጥ ማሽላ እየወቀጠች ስትዘፍን፣ እናት ጓዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ዘነዘናው ሲፈጥን የመጽሐፏ ሴት ከባሏ ቤት ትኮበልላለች፤ ሲዘገይ መንገድ ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ገበያ የሚሸጡት ቀጫጭን መጻሕፍቷ ሁሉ እንዲህ ተወለዱ። ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ቁርኣን ስትቀራ በለመደችው ፊደል የምትጽፍ ሴት ናትና አላህን ስለዚህ ታመሰግነዋለች።

ልጅቱ ስትዳር ላንታና ብዕሯን አስቀመጠች። ልጅቱ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ደንቡ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ግን ዜማውም አብሮ ተመለሰ፤ አዲስ መጽሐፍ ተጀመረ። የጠፋች ልጇን ፍለጋ አገር ለአገር የምትዞር እናት ታሪክ ነበር።

ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ልጅቱ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አትናገር፣ አትበላ፤ በየቀኑ እየመነመነች ሄደች። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችውም እናት የልጇን በር አግኝታ፣ የምትለው ጠፍቷት እዚያው ደርቃ ቀረች።

ጎረቤቷ አሮጊቷ ታላቱ አጥሚት በቅል ይዛ ገባች።

«አንቺ ተረተኛ! ሴትዮሽ ዛሬም በሩ ላይ ናት?»

«እዚያው ናት፣ እማ ታላቱ።»

«ታዲያ በርጩማ ስጫት እንጂ፣ እግሯ አበጠ!»

ላንታና አልሳቀችም። ታላቱ ቅሉን ጓዳ፣ ልጅቱ አጠገብ አስቀምጣ ወጣችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዙወይራ ምንም አልቀመሰችም?»

«ያቺ ልጅ? ምንም።»

«አሁንም ‹ያቺ ልጅ›!»

«እናት የበኩር ልጇን በስሙ ትጠራለች እንዴ? ነውር ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔም ሰው ምን ይለኛል እንዳልኩ፣ የእኔን በኩር አንድ ቀን እንኳ በስሙ ሳልጠራው ቀበርኩት» አለች ታላቱ፤ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ላንታና የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግዳ ግንባሯን ከምንጣፉ ሳታነሳ ብዙ ቆየች። የምትለምንበት ቃል እንኳ አለቀባት። ተነስታ ወደ ሙቀጫው ሄደች። ሙቀጫ ላይ የተዘፈነ ነገር አያስወቅስም፤ ሴት ጣውንቷን የምትሰድበውም እዚያው ነው። ምናልባት ያቺ በር ላይ የቆመችው ሴት ዜማ ብትሰማ አፏ ይፈታ ይሆናል። ዘነዘናውን አነሳች።

«በርሽን መታሁት፣ እጄ ዛለ፤
ልጄ ክፈችልኝ፣ ቀኑ ሳይመሽ...»

የመጽሐፏ ልጅ ስም ማይሮ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «ዙወይራ!» የሚል ነበር።

ደነገጠች። በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

«እማ...» የሚል የሻከረ ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«ወዬ!»

«ዘነዘናው ከዘፈኑ ዘግይቷል።»

ላንታና ሻሿን ከፊቷ አወረደች፤ ሙቀጫውን ተደግፋ ቆመች።

«እሺ፣ እንዴት ላድርገው?»

ላንታና ዘነዘናውን እንደገና አነሳች። ከዚያ ልጅቱ፣ «ከስሜ ጀምሪ» አለቻት።

ጀመረች። በስሙ ላይ ዘነዘናው ወደቀ፣ እንደገናም ወደቀ። በዘነዘናው ምት መሃል፣ ጓዳ ውስጥ የአጥሚቱ ቅል ከመሬት ሲነሳ ሰማች።