«ወፈርሽ» ያልኳት ሴት

ከምኖርበት ከተማ፣ ከንቲንዳ ሰፈር ተነስቼ በየወሩ የምሄድበት የገጠር ጤና ጣቢያ አለ። ሥራዬ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች መመዘንና ስለ ምግባቸው መምከር ነው። አንድ ቀን ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴትዮ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ላስጠነቅቃት ፈልጌ ከአገሬው ቋንቋ በቃረምኳት ሉጋንዳ «ኦጌዜ» አልኳት፤ ወፍረሻል ማለቴ ነበር። ሴትዮዋ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንደቆመች እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። ነርሷ በሳቅ ፍርስ አለች። ለካስ ቃሉ ሙገሳ ነው። ማወቅ ነበረብኝ፤ እኛስ አገር ለወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» አይደል የምንለው?

ከዚያ በነርሷ አስተርጓሚነት በደንብ አስረዳኋት። ዘይቱን እንድትቀንስ፣ ሻይዋ ላይ ስኳር እንዳታበዛ፣ ፖሾ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎም ትንሽ ብቻ እንድትበላ ነገርኳት። ሰማችኝ። በአራተኛው ወር ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ግፊቷም ወርዶ መጣች። እኔ በደስታ ላቅፋት ስል እሷ ፊቷን አዞረችብኝ።

«ሰፈርተኛው ምን ያዛት እያለ ነው» አለች። «እህቴን ኤድስ ሲገድላት መጀመሪያ እንዲህ ነበር የከሳችው። አሁን ቻፓቲዬን የሚገዛኝ ጠፋ።»

ያን ሚዛን አንስቼ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ስመለስ መኪና ውስጥ እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ፊቴን ገና ከማየቷ፣ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ግን «ደህና ነኝ፣ እማዬ» ብዬ፣ ጉንጬ ሞላ ብሎ እንዲታያት ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት።