ጣራ ላይ የተጣለች ጥርስ

ፒያሳ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ አሰፋ ሁለት ወንድማማቾችን ስለ አያታቸው እንድጠይቅ አዘዙኝ። ሥራችን ለጋብቻም ለውርስም የዘር ሐረግ ማጣራት ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ጠየቅኩ። ታላቅየው ሲያወራ ታናሽየው "እሱ እንዳለው ነው" እያለ ማኪያቶውን ጠጣ።

ጋሽ አሰፋ ሳቁብኝ። "አንቺ የጠየቅሽው አንድ ሰው ነው! ሰው ስለ ዘሩ አይዋሽም፤ ያሳምራል እንጂ። ለየብቻ ጠይቂ፤ መልሱንም አፋቸው ላይ አታስቀምጪ።"

በዚሁ ሥራ አረጀሁ። እንደ ቤርሳቤህ ጉዳይ ግን ልቤን የሰቀለው የለም።

ቤርሳቤህ የመሃል ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት። ለሠርጓ ድንኳን ተከራይቶ፣ ጥሪ ተበትኖ፣ ዘር መቁጠሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌዎች ሲቆጥሩ የእሷም የእጮኛዋ የምሕረቱም አራተኛ አባት በርጋ ሆነ፤ ያውም የአንድ መንደር፣ የቡሹሎው በርጋ። ሰባት ቤት ሳይራራቁ ጋብቻ የለምና አባቷ አቶ ተክሌ ሠርጉን አስቆሙ።

ልጅቷ ቢሮ መጥታ አለቀሰች። "እትዬ፣ ዘመዴ ከሆነ እርሜን ላውጣ። ካልሆነ ግን ቶሎ ይንገሩኝ።"

እዚያው ቡሹሎ፣ የምሕረቱ ወንድ አያት እህት እማማ ወርቅነሽ ዘንድ ሄድኩ። ስለ በርጋ አላነሣሁም። አባታቸው ስለ ልጅነታቸው ምን ያወሩ እንደነበር ብቻ ጠየቅኳቸው።

"አባቴማ እናት አባቱ ሞተውበት በርጋ ቤት ነው ያደገው" አሉ። "በአሳዳጊው ስም ተጠራ፤ ሌላ ማን ነበረው?"

ደስታዬን ዋጥ አደረግኩ። ልጁ የበርጋን ሚስት ጡት ጠብቶ ከሆነ ለበርጋ ልጆች ያው ወንድም ነው፤ ሽማግሌዎቹ አይፈቅዱም። አባታቸው በርጋ ቤት ሲገቡ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ጠየቅኩ።

"ዓመቱን እንጃ" ብለው ሳቁ። "የመጀመሪያ ጥርሱ የወለቀው ግን በገባ ሰሞን ነው። ጣራቸው ላይ ወረወራት። አርጅቶም 'ጥርሴ እዚያ ጣራ ላይ ናት፤ ማን ባዳ ይለኛል?' ይል ነበር።"

ጥርሱ የሚወልቅ ልጅ ጡት አይጠባም። ቢሆንም ይህ የሙሽራው ወገን ቃል ነው።

አቶ ተክሌ ሱቅ ሄጄ፣ ቡሹሎ መሄዴን ሳልናገር፣ አባታቸው ስለ በርጋ ቤት የነገሯቸውን እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው። ስለ በቅሎው፣ ስለ ድንበር ጠቡ ብዙ አወሩ። በመጨረሻ፣ "ቤቱ ሰው አይጠፋውም ነበር" አሉ። "አባቴ ቤተኛ የሆነ ባዳ ሲያይ 'ይኼስ ጥርሱን ጣራችን ላይ ጥሏል' ይል ነበር። እኛም እንላለን፤ ከየት እንደመጣ ግን እንጃ።"

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። "ከየት እንደመጣ እኔ ልንገርዎ!"

ሽማግሌዎቹ እማማ ወርቅነሽንም አቶ ተክሌንም አስቀርበው ሰሙ፤ የጥርሷ ወግ ከሁለቱም ወገን አንድ ሆነ። አቶ ተክሌ ተነሥተው የእማማ ወርቅነሽን ጉልበት ስመው "ሠርጉ ይቀጥል" አሉ። ቤርሳቤህ እልል አለች፤ እኔም አቀለጥኩት። በሠርጉ ቀን ጉልበቴ እስኪከዳኝ ጨፈርኩ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የስም መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ስሙ እንዴት እንደተገኘ ሳታጣሩ "ዘመድ ናቸው" ብላችሁ አትፈርሙ፤ ያ ፊርማ ሁለት ሰው ይለያያል።