ገናውን ይዩ

«ፈራሽ ወይስ ገና ነሽ?»

ጋሽ ተፈራ ይሄን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ስንቴ እንደጠየቁኝ አላውቅም፤ እኔ ግን አንዴም እውነቱን አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ጠዋት ሚስታቸው እትዬ የሺ የሳቸውን ሄልሜት ከካርቶን አውጥተው ሲሰጡኝ ሳላስበው አፍንጫዬን አስገባሁበት፤ ቤንዚን፣ ላብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ሰውዬው ከሞቱ ወራት አልፈዋል፤ ቅርንፉዳቸው ግን ገና አልሞተም።

ላስረዳ። ጋሽ ተፈራ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከኛ አፓርትመንት በላይ የሚኖሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና የሚጠግኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከእናቴ ዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ መኪናቸውን ትሬለር ላይ ጭነው ደቡብ ሜሪላንድ ጫካ መሃል ወዳለ የእሽቅድምድም አስፋልት የሚወስዱ ሰው ነበሩ። እዚያ ሁለት ሁለት አሮጌ መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብለው ይወነጨፋሉ፤ አለቀ፣ መታጠፍ የለ፣ መዞር የለ። እማዬ ቅዳሜ ነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ስለምትሠራ እኔን እትዬ የሺ ጋ ትጥለኛለች፤ እትዬ የሺ ጉዳይ ካላቸው ደግሞ ለጋሽ ተፈራ ያስረክቡኛል። እንግዲህ እናቴ ከእትዬ የሺ ጋ ላይብረሪ ያለሁ እየመሰላት፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ የጎማ ጭስ ስስብ ነው ያደግኩት።

እንግሊዝኛቸው ለጋራዥ ይበቃል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ግን ቃሉን እየዋጡ ስለሚያወሩ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ውድድራቸው ቀን አንድ ቀይ ጺም ያለው ሰውዬ መነሻው ላይ የተተከለውን የመብራት ግንድ እያሳየኝ፣ «ክሪስማስ ትሪ»፣ የገና ዛፍ ነው የምንለው፣ ቢጫ ቢጫ ይልና አረንጓዴ ሲሆን መሄድ ነው አለኝ። ሮጬ ሄጄ በመስኮቱ «ጋሽዬ፣ ገናውን ይዩ! ገናውን ይዩ!» ብዬ ጮህኩ። በሄልሜቱና በሞተሩ ጩኸት መሃል እሳቸው የሰሙት ግን «ገና ነው፣ ይቆዩ» ነው። ቆዩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ጎናቸው ያለው መኪና ተወነጨፈ፣ ጨረሰ፣ እንዲያውም ዞሮ እየተመለሰ ነበር፤ ጋሽ ተፈራ መሪያቸውን ይዘው በትሕትና ይጠብቃሉ።

«ምነው አልሄዱም?»

«ገና ነው አላልሽኝም እንዴ፣ አንቺ ልጅ!»

ቀይ ጺሙ ሰውዬ ሞተር የጠፋባቸው መስሎት እየሮጠ መጣ፤ እሳቸው ሄልሜታቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ «ገና» የሁለታችን ቃል ሆነ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ትራፊክ መብራት ሲይዛቸው፣ ከኋላ ሰው ክላክስ እያደረገ፣ «ተዪው፣ ገናውን እያየሁ ነው» ይሉኛል።

ስማቸው ተፈራ ነው እንጂ እንደሳቸው የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። ከመነሳታቸው በፊት ሦስቴ ያማትባሉ፣ ቀበቶውን አምስቴ ይስባሉ፣ ጥርሳቸው መሃል አንዲት ቅርንፉድ ይነክሳሉ። «አባቴ ስም ሲያወጣ ተሳስቷል፤ ፈራ ነበር ማለት የነበረበት» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሳቸው የባስኩ ፈሪ ነበርኩ፤ ልዩነቱ እኔ ውሸታም ነኝ። ድምፁን እፈራለሁ፣ እማዬ ታውቃለች ብዬ እፈራለሁ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ እዚህ ጫካ ውስጥ ለማን ደውዬ ምን እላለሁ ብዬ እፈራለሁ። ሰማያዊዋ ስትነሳ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ አሥራ አምስት እቆጥራለሁ፤ እስከዚያ የብረት ድምፅ ካልሰማሁ እከፍታለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ስድስት ላይ ስደርስ ሰማሁት።

ዓይኔን ስገልጥ አቧራና ጭስ ብቻ ነው፤ የአስፋልቱን ዳር ግንብ የመታው የትኛው መኪና እንደሆነ አይታይም።  ቆሜ ጠበቅኩ። ያቺን ቆይታ እስካሁን በህልሜ አያታለሁ፤ በህልሜ አቧራው አይገለጥም። የዚያን ዕለት ግን ተገለጠና ሰማያዊዋ ወጣች፤ ግንቡን የመታው የጎናቸው ነበር፣ ሹፌሩም እያነከሰ በእግሩ ወረደ። ጋሽ ተፈራ ሲመለሱ ቀበቶውን መፍታት አቃታቸው። «ፍቺልኝ» አሉኝ፤ ፈታሁላቸው።

«ፈራሽ ወይስ ገና ነሽ?»

«ኧረ ገና!» አልኩ፣ ሱሪዬ ረጥቦ።

አዩት። ጃኬታቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ።

ላይሰንስ ያወጣሁ ዕለት ቀጥታ እሳቸው ጋ ሄጄ፣ ዛሬ እኔ ልንዳት አልኳቸው። ያችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ምን ያስፈራል? ገና!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «እንግዲያስ ገና ነሽ» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በልጅነቴ የናቁኝ መስሎኝ የጋራዡን በር አላትሜ ወጣሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም፤ ኩርፊያ ላይ ግን ማንም አይችለኝም። ኮሌጅ ገባሁ፣ ኮል ሲያደርጉልኝ ቢዚ ነኝ ብዬ ቴክስ እልካለሁ፣ በኋላ እሱንም ተውኩ። የመጨረሻ ዓመቴ ላይ፣ ለፈተና ሳጠና፣ እማዬ ደወለች፤ ልባቸው ነው አለችኝ። በቃ። ያን ሁሉ ጊዜ የደወሉልኝ ሰውዬ እኔ ሳልመልስላቸው ሄዱ።

ግራጁዌት ባደረግኩ በሁለተኛው ሳምንት እትዬ የሺ ኮል አደረጉልኝ። መኪናዋ ሰኞ ቴክሳስ ወዳለው ወንድማቸው ልትጫን ነው፤ ከመሄዷ በፊት፣ እኔ ነድቻት፣ ያን አስፋልት አንዴ ብታይ ይላሉ።

«ላንቺ ነበር ያሰባት፤ ግን ልጄ፣ አልፈራም ላለ ሰው ቁልፏን እንዳትሰጪ ብሎኛል።»

ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ዕድሜዬን አልነበረም ገና ያሉት። ያን ሁሉ ዓመት ቁልፉን ያስከለከለኝ የራሴ አፍ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መነሻው ጋ ተራዬን እየጠበቅኩ ቀበቶውን አሰርኩ። የመጨረሻ ጊዜ በሳቸው ልክ እንደተለቀቀ ነው፤ እኔን እስኪይዘኝ ስስብ፣ ስስብ፣ ትርፉ ጭኔ ላይ ተጠቅልሎ ቁጭ አለ። የጎደሉብኝ ሰውዬ ምን ያህል እንደነበሩ ያኔ በእጄ ያዝኩት። ቅርንፉድ ነከስኩ። መዳፌ መሪው ላይ ይንሸራተታል፣ ከፊቴ ያሉት ሁለት መኪኖች ሲተኮሱ ዓይኔን ጨፍኜ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

እትዬ የሺ ቁልፉን ጨብጠው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«እህስ?»

የሚሸተኝ ቅርንፉዱ ብቻ ነበር።

«ፈርቻለሁ፣ ጋሽዬ። በጣም ነው የፈራሁት።»