ለውድድር የተሠራ ሞላ በመዝከረት ባትያ መንገድ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ እስራኤል ውስጥ ወደ መዝከረት ባትያ ከተማ ስንሄድ፣ መታጠፊያው ላይ የመኪናዬ የኋላ ጎማዎች ከአስፋልቱ ተነሡ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ከፊታችን አውቶቡስ ይመጣ ነበር።

ለጥቂት ተረፍን። ድንጋጤው ስላልለቀቀኝ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። ድሮም በአንድ ጣት ነበር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። ጥገናዋን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የተማርኩት። ባለፈው ሳምንት ለውድድር የተሠራ ጠንካራ ሞላ መርጬ አስገጠምኩ። የሞላውን ንጥረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ግን አልቀየርኩም። ጠንካራ ነገር ሁሉ ደግ ይመስለኝ ነበር።

ከመንገዱ በቀጥታ ሞላውን ወደ ገጠመልኝ ጋራዥ ተመለስን። ባለጋራዡ ጎልማሳ ነው፣ እንደ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣ የአገር ልጅ።

«ይህ ሞላ ከአሮጌው አሞርዛተር ጋር እንደማይስማማ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ገጠምከው?»

«እርስዎ ‹ቤሰደር፣ ችግር የለውም፣ ግጠም› አሉኝ። ለሽማግሌ ምን ብዬ ልመልስ?»

ልቆጣ ስል ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ተወው። መኪናዋ ስትነጥር ሳምንቱን ሙሉ ፈርቻለሁ። እኔስ መቼ ደፍሬ ተው አልኩህ?»

ከአውቶቡሱ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ነገ ለመንገድ የሚሆን ለስላሳ ሞላ ከሚስማማው አዲስ አሞርዛተር ጋር ይገጠማል። መራጩ ባለጋራዡ ነው።

እናንተስ ለአክብሮት ብላችሁ ዝም ያላችሁት ሽማግሌ አለ? ምን እንደደረሰ እዚህ ጻፉልኝ። በሕይወት ካለ ግን አስቀድማችሁ ለእሱ ንገሩት። ይቆጣል፤ ቢቆጣም ንገሩት።